አጫጭሮቹን ቃላት አትናቋቸው

ውድ ልጆቼ፣

እንጀራዬን የበላሁት በትርጉም ሥራ ነው። ወጣቶች ሲያገኙኝ «ከባድ ከባድ የእንግሊዝኛ ቃላትን እንዴት እናጥና?» ይሉኛል። እኔ ግን የምሰጋላችሁ በረጃጅሞቹ አይደለም። ረጅም ቃል አብዛኛውን ጊዜ ትርጉሙ አንድ ወይም ሁለት ነው። መዝገበ ቃላት ገለጥ አድርጋችሁ ታገኙታላችሁ፣ አለቀ። ጉድ የሚሠሩን ገና በልጅነት የተማርናቸው ሚጢጢዎቹ ናቸው።

«ራን» (run) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ውሰዱ። ሁላችንም «ሮጠ» ብለን ሸምድደነዋል። ባለቤቱ ሰው ከሆነ ልክ ነው። አፍንጫ ከሆነ ግን ንፍጥ ወረደው ማለት ነው። ወንዝ ከሆነ ይፈሳል፣ ሞተር ከሆነ ይሠራል፣ የልብስ ቀለም ከሆነ ይለቃል። ድርጅት «ራን» የምታደርግ ሴት ታስተዳድራለች እንጂ አትሮጥም።

ከኋላው የምትከተለዋ ትንሽ ቃል ደግሞ ነገሩን ትገለብጠዋለች። «ራን አውት ኦፍ» ካለ አለቀበት ነው። «ራን ኢንቱ» ላይ ግን ረጋ በሉ። መኪና ከግድግዳ ጋር ከሆነ ተጋጨ። የድሮ ጓደኛ ከሆነ ድንገት ተገናኘን ማለት ነው፤ ማንም አልተጎዳም።

የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው ሁለተኛ እትሙ ከሁሉ ረጅሙን ማብራሪያ የሰጠው «ሰት» (set) ለሚለው ቃል ነበር። በኋላ «ራን» እንደገና ሲጠና ግሡ ብቻ 645 ፍቺ ተገኘለት። ይህን ያህል ለምን በዛ? ሐሳቡ የማያቋርጥ እንቅስቃሴ ስለሆነ ይመስለኛል። ከእግር ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ ማሽን፣ ከማሽን ወደ ኮምፒውተር ፕሮግራም ተሻገረ።

በእኛም ቋንቋ እንዲሁ ነው። ትኬት እንቆርጣለን፣ ተስፋ እንቆርጣለን፣ ቀን እንቆርጣለን። ደመወዝ ይቆረጣል። ሆድ ይቆርጣል። እነዚህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስጠናንም፤ በንግግር መሀል ደጋግመን ሰምተን ያዝናቸው።

ስለዚህ 645ቱን ልሸምድድ እንዳትሉ። ደብተራችሁ ላይ ቃሉን ብቻ ከአንድ ትርጉም ጋር አትጻፉ። ያገኛችሁበትን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ገልብጡት። ከዚያ ባለቤቱ ማን እንደሆነና ከኋላ ምን እንደተከተለ እዩ።

በጀማሪዎች ረቂቅ ውስጥ «ለፕሬዚዳንትነት ሮጠ» የሚል ሳነብ ያመኛል። ጸሐፊው «ተወዳደረ» የሚለውን አጥቶት አይደለም። የገዛ ጆሮውን አላመነም። አማርኛው ሲጎረብጣችሁ እለፉት አትበሉ፤ ተመልሳችሁ እንግሊዝኛውን አንብቡ።

መዝገበ ቃላት ስትገልጡም የመጀመሪያውን ፍቺ አይታችሁ አትዝጉት። ምሳሌዎቹን እስከ ታች ድረስ አንብቡ። «ራን» ላይ አንድ ሙሉ ከሰዓት ብታጠፉ አይባክንባችሁም። ሲበቃችሁ ወደ «ጌት» (get) እለፉ፤ እሱም የዋዛ አይደለም።