መልቀቂያው ከመጻፉ በፊት

ውድ ወጣቶች፣

ሌላ ሥራ ሳትይዙ ከትልቅ ኃላፊነት ለመልቀቅ የምታስቡ አላችሁ። እብደት ነው የሚላችሁ ሰው አይጠፋም፤ እኔ ግን አልልም። እብደት የሚሆነው ነገሩ በደብዳቤ ሲጀመር ነው። በወጉ የሚለቀቅ ኃላፊነት ቢያንስ የ6 ወር ዝግጅት ይፈልጋል፤ ደብዳቤው የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ነው።

መጀመሪያ ድካማችሁን ከሥራው ለዩት። የተጠራቀመ የዓመት ፈቃድ ካላችሁ 3 ሳምንት ውሰዱና የሥራ ስልክ አታንሱ። በተመለሳችሁ ሳምንት ያው ጭንቀት ከያዛችሁ ችግሩ ሥራው ነው። ካልያዛችሁ ግን የጎደላችሁ ዕረፍት ወይም ጥሩ ምክትል ሊሆን ስለሚችል አስቀድማችሁ ዕረፍቱን ወይም ምክትሉን ከመሥሪያ ቤቱ ጠይቁ። ሕገወጥ መሆኑን የምታውቁትን ሰነድ ፈርሙ ከተባላችሁ ግን የ6 ወሩን ዝግጅት አትጠብቁ። ተቃውሟችሁን በጽሑፍ አስፍሩ፣ የሕግ ባለሙያ አማክሩና ውጡ። ፊርማ ባለቤቱ ከወጣ በኋላም ያስጠይቃል።

ገንዘቡ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነውና። ስህተቱ ቁጠባን ለደመወዝ ወይም ለግምት ማካፈል ነው። መካፈል ያለበት ለእውነተኛው ወጪ ነው። የ3 ወር ወጪያችሁን አንድ ሳታስቀሩ መዝግቡ። የትምህርት ቤት ክፍያን፣ መድንን፣ የቤትና የመኪና ጥገናን የመሰሉ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ የሚመጡትን ደምራችሁ ለ12 አካፍሉና ጨምሩበት። በዚያ ላይ መሥሪያ ቤቱ ሲሸፍንላችሁ የኖረውን መኪናና ነዳጅ፣ ስልክ፣ ሕክምናና የቤት አበል ደምሩ። በወር ከኪሳችሁ የሚወጣው 100፣ መሥሪያ ቤቱ የሚሸፍነው 30 ከሆነ፣ ስትለቁ ወጪያችሁ 130 ነው። 1,200 ያጠራቀመ ሰው 12 ወር የሚያቆየው ይመስለዋል፤ የሚያቆየው ግን 9 ወር ከሳምንት ነው።

ለከፍተኛ ቦታ የ12 ወር ወጪ ያዙ። ክፍት ቦታው ጥቂት ነው፣ ቃለ መጠይቁ ይደጋገማል፣ ውሳኔው ብዙ ጊዜ ቦርድ ድረስ ይሄዳል፣ ቦርዱም የሚሰበሰበው በራሱ ጊዜ ነው። ቤት ውስጥ ሌላ ቋሚ ገቢ ካለ 8 ወር ሊበቃ ይችላል። ላልወሰዳችሁት ፈቃድ የሚከፈለውንና ቦነሱን እጃችሁ ሳይገባ አትቁጠሩት፤ ክሊራንስ፣ ማለትም ከንብረትና ከዕዳ ነጻ መሆናችሁ የሚረጋገጥበት ሂደት፣ ሲጓተት ክፍያውም አብሮ ይጓተታል። ከመልቀቃችሁ በፊት 3 ወር ባቀዳችሁት በጀት ኑሩና ትርፉን አስቀምጡ። ወረቀት ላይ የሞላ በጀት የት እንደሚጎድል የሚታየው ሲኖሩበት ነው። ትዳር ያላችሁ ስሌቱን ከባለቤታችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ሥሩት፤ ቁጥሩን ያላየ ሰው ተስማምቷል አይባልም።

ከዚያ የፈረማችሁትን ሁሉ አውጥታችሁ አንብቡ። በሠራተኛነታችሁ በዝቅተኛ ወለድ ያገኛችሁት ብድር ስትለቁ ወለዱ ሊያድግ ወይም ቀሪው በአንዴ ሊጠየቅ ይችላል። ለሥልጠና የገባችሁት የአገልግሎት ግዴታ፣ ከተፎካካሪ ጋር ላለመሥራት የተፈረመ ውል፣ ቦነስ ለማግኘት በክፍያው ቀን ሥራ ላይ መገኘት ይጠየቅ እንደሆነ፣ ይህ ሁሉ የመውጫ ቀናችሁን ሊቀይረው ይችላል። የሕክምና ሽፋኑ ሳይቋረጥም ጥርሱን፣ ዓይኑን፣ ስታዘገዩት የቆያችሁትን ምርመራ ጨርሱ።

ትንሽ የምትመስል ግን ብዙ ሰው የምታንገላታ ነገር ላንሳ፦ የስልክ ቁጥር። ቁጥሩ የመሥሪያ ቤቱ ከሆነ ስትወጡ ትመልሱታላችሁ፤ የባንካችሁ የማረጋገጫ ኮድ የሚላከው ግን እዚያው ላይ ነው። ከመውጣታችሁ 2 ወር በፊት ባንክም ኢሜይልም ወደ ግል ቁጥር ይዛወር። የሹመት ደብዳቤያችሁን፣ የደመወዝ ማስረጃችሁንና የሥራ አፈጻጸም ውጤታችሁን ቅጂ ያዙ። የደንበኛ ዝርዝርም ሆነ የውስጥ ጥናት ግን አንድ ገጽ እንኳ አትውሰዱ፤ የእናንተ አይደለምና።

ደብዳቤው 4 ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፦ የያዛችሁት ኃላፊነት፣ መልቀቃችሁ፣ የመጨረሻው የሥራ ቀን፣ ለርክክብ ዝግጁ መሆናችሁ። ቅሬታ አይግባበት፤ ፋይል ውስጥ ለዓመታት የሚቀመጥ ወረቀት ነው። በዚያው ዕለት አለቃችሁ ደብዳቤውን ከማየቱ በፊት ከአፋችሁ ይስማው። በእናንተ ቅጂ ላይ የተቀበለው ሰው ፊርማና ቀን ይኑርበት፤ የማስጠንቀቂያው ጊዜ፣ ማለትም ካሳወቃችሁ እስከምትወጡ ያለው፣ መቼ እንደጀመረ ክርክር ቢነሳ ማስረጃችሁ እሱ ነው። ደመወዝ እንጨምር ቢሏችሁ የምትሰጡትን መልስ ቀድማችሁ ወስኑ። ያማረራችሁ ደመወዙ ካልነበረ ጭማሪው ብዙ አያቆያችሁም።

የኃላፊ ርክክብ ከባዱ ክፍል ፊርማ ነው። የባንክ ፈራሚነታችሁ መነሳቱን በጽሑፍ ተቀበሉ። በፈቃድ ወይም በምዝገባ ሰነድ ላይ በኃላፊነት የሰፈረው ስማችሁ ይቀየር፣ ውክልናውም ይሻር። ይህን ሳይጨርስ የወጣ ሰው ባልዋለበት ጉዳይ ሊጠራ ይችላል። ያላለቁ ሥራዎችን ደረጃቸውን፣ ቀነ ገደባቸውንና ጉዳዩን የሚያውቀውን ሰው ጠቅሳችሁ አስረክቡ፤ ተረካቢው ይፈርምበት። የሥራ ልምድ ደብዳቤውንም ሳትወጡ ተቀበሉና የሥራ መደቡና ቀኖቹ ልክ መሆናቸውን እዚያው አረጋግጡ።

ከወጣችሁ በኋላ የመጀመሪያውን ወር ዕረፉ፤ በ12ቱ ውስጥ የተቆጠረ ነው። ስልኩ ጭር ይላል። ከሚደውሉት ብዙዎቹ የሚደውሉት ለወንበሩ ስለነበር ይህን እንደ ውድቀት አትዩት፤ እንደዚያ ያየው ሰው ደንግጦ ፊቱ የቀረበለትን ሥራ ይይዛል። ከሁለተኛው ወር ጀምሮ በሳምንት 3 የሙያ ሰዎችን አግኙ፤ ሥራ ለመጠየቅ ሳይሆን የት ምን እየተሠራ እንደሆነ ለመስማት። ለምን ለቀቅህ፣ ለምን ለቀቅሽ ሲባል እውነት የሆነ፣ ማንንም የማይወቅስ፣ ከ2 ዓረፍተ ነገር ያልበለጠ መልስ አዘጋጁ።

ገንዘቡ 5 ወር ሲቀረው ከለመዳችሁት ዝቅ ያለ ደመወዝ ወይም የአጭር ጊዜ የማማከር ሥራ ለመቀበል ወስኑ። 1 ወር እስኪቀረው የጠበቀ ሰው የመደራደር አቅም የለውም። ገንዘቡ 5 ወር የሚቀረው ቀን መቼ እንደሚውል አሁን፣ ደመወዙ እየገባ ሳለ፣ አስሉና ቀን መቁጠሪያው ላይ ምልክት አድርጉበት።