የውሻና የድመት ወስፋት ምርመራ፦ ያላችሁን ጥያቄ አምጡ

ሰላም ሰላም። ዓመታት ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ የሰውም የእንስሳም ሳምፕል ሳይ የኖርኩ የላብራቶሪ ሰው ነኝ። ዛሬ ስለ ቶክሶካራ፣ ማለትም ውሻና ድመት አንጀት ውስጥ ስለሚኖረው ክብ ትል የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ። መድኃኒት ማዘዝ ውስጥ አልገባም፣ እሱ የሐኪም ነው። እኔ የማወራው ምርመራውን ነው፣ ምክንያቱም ሰው የማይገኝበት ቦታ ሲፈልግ ውሎ "ነጻ ነህ" ተብሎ ወደ ቤቱ ሲሄድ ስላየሁ ነው።

ጥያቄ፦ የ5 ሳምንት ቡችላዬ ጠዋት ነጭ የጫማ ክር የመሰለ ነገር አስታወከች፣ ይንቀሳቀሳል እኮ!! ምንድነው?

መልስ፦ ትሉን ጣላችሁት? ካልጣላችሁት በጣም ጥሩ፣ ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ አልኮል ላይ አድርጋችሁ ለእንስሳት ሐኪሙ ውሰዱት፣ በእጅ ከተያዘ ትል የበለጠ ማስረጃ የለም። በዚህ ዕድሜ በብዛት የውሻው ቶክሶካራ ነው፣ ሙሉ ትሉ ከ10 ሳንቲሜትር በላይ ይረዝማል፣ ሲወጣም እንደ ስፕሪንግ ይጠቀለላል። በማጉያ ሲታይ አፉ ላይ ሦስት ከንፈር አለው፣ ከጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ደግሞ ስስ ክንፍ ነገር አለ፣ የውሻው ጠበብና ረዘም ያለ ሲሆን የድመቱ ሰፋ ብሎ የቀስት ጫፍ ይመስላል። ስሙ ራሱ ከግሪክኛ የመጣ ነው፣ "ቀስት ራስ" እንደማለት።

ጥያቄ፦ የውሻዬ ሰገራ ሁለቴ ታይቶ ኔጌቲቭ ነው የተባለው፣ ሆዱ ግን እንደ ከበሮ ተነፍቷል። ነጻ ነው ልበል?

መልስ፦ አትበል። መጀመሪያ እንዴት እንደታየ ጠይቅ። ትንሽ ሰገራ መስታወት ላይ ቀብቶ ዝም ብሎ ማየት ብዙ ያመልጠዋል። በደንብ ሲሠራ ከ3 እስከ 5 ግራም ሰገራ ይወሰድና ከባድ ፈሳሽ ውስጥ ይበጠበጣል፣ ለምሳሌ ክብደቱ ከውሃ 1.27 እጥፍ የሆነ የስኳር ውህድ ውስጥ። ከዛ ይጠለላል፣ ሰንትሪፉጅ ውስጥ ይሽከረከራል፣ ቱቦው አፍ ላይ ስስ መስታወት ይደረግና 10 ደቂቃ ያህል ይጠበቃል፣ እንቁላሉ ቀላል ስለሆነ ተንሳፎ መጥቶ እዛች መስታወት ላይ ይለጠፋል። ሰንትሪፉጅ ሳይኖር አስቀምጦ ማንሳፈፍም አለ ግን ያንሳል፣ እኔ አላምነውም።

ስታየው ደግሞ አታጣውም፣ ክብ፣ ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ከ75 እስከ 90 ማይክሮሜትር፣ ቅርፊቱ ወፍራምና እንደ ጎልፍ ኳስ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው ነው። ቶክሳስካሪስ የሚባለው ዘመዱ ግን ቅርፊቱ ልሙጥ ነው፣ መሀሉም ፈዘዝ ያለ ነው፣ እሱን ከዚህ ጋር አንድ አድርጎ መጻፍ የተለመደ ስህተት ነው።

እሺ፣ በደንብ ተሠርቶም ኔጌቲቭ ይሆናል። ትሎቹ ገና ካልጎለመሱ እንቁላል የለም፣ ወንዶች ብቻ ከሆኑም እንቁላል ከየት ይመጣል? ለዚህ ነው አሁን አሁን ሰገራ ውስጥ ትሉ ራሱ የሚለቀውን ፕሮቲን የሚፈልግ አንቲጅን ቴስት የመጣው፣ ካገኛችሁ ከማንሳፈፉ ጋር አብሮ ይሠራ፣ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ጥያቄ፦ እናትየው ውሻ ንጹህ ናት ተብሎ ቡችሎቿ በሙሉ ትል በትል ሆኑ። ላብራቶሪው ዋሽቷል?

መልስ፦ አልዋሸም፣ እንቁላል የለም አለ እንጂ ትል የለም አላለም። ያደገች ውሻ እንቁላል ስትውጥ እጩ፣ ማለትም ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ገና ያላደገው ትል፣ ብዙ ጊዜ አንጀቷ ላይ አያድግም፣ ጡንቻዋና ሌላ አካሏ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ስታረግዝ ይነቃል፣ ከእርግዝናው 42ኛ ቀን አካባቢ ጀምሮ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል፣ ከወለደችም በኋላ በወተቷ። ቡችላው እንግዲህ ትሉን ይዞ ነው የሚወለደው፣ በ3 ሳምንቱ እንቁላል መጣል ይጀምራል። ለዛ ነው ሐኪሞች ቡችላን ከ2 ሳምንቱ ጀምረው የሰገራ ውጤት ሳይጠብቁ ትል የሚያስወርዱት። ድመት ላይ በእንግዴ ልጅ በኩል አይተላለፍም፣ በወተት ግን ይተላለፋል።

ጥያቄ፦ ውሻዬ ላይ የድመት ትል እንቁላል ተገኘ ይባላል??

መልስ፦ የድመት ካካ በልቶ ነዋ 😄 እንቁላሉ ገብቶ ወጣ፣ አለቀ። ለጥቂት ቀን እንዳይለቃቅም ጠብቀው ድገመው።

ጥያቄ፦ የ4 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ቡችላችን ትል ስለተገኘበት የልጄን ሰገራ ወስጄ አስመረመርኩ፣ "ምንም የለም" ሲሉኝ ተረጋጋሁ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ እህቴ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ላስደነግጥሽ አይደለም ግን ያ ምርመራ ለዚህ ትል ምንም አይነግርሽም። ቶክሶካራ ሰው ውስጥ አያድግም፣ እጩ ከአንጀት ወጥቶ ጉበት፣ ሳንባ፣ አንዳንዴ ዓይን ወይ አንጎል ውስጥ እየዞረ እጭ እንደሆነ ይቀራል፣ እንቁላል አይጥልም። ስለዚህ አንድ ሺህ ጊዜ ሰገራ ብታዪ ባዶ ነው። ሰገራው የሰውን ወስፋት ያሳይሻል እንጂ የውሻውን አያሳይም። ውሻው ላይ እንቁላል ይፈለጋል፣ ሰው ላይ ደግሞ ሰውነቱ ለእጩ የሰጠው ምላሽ፣ እሱም ደም ውስጥ ነው ያለው።

ልጅሽ ደህና ከሆነ፣ ትኩሳት፣ የማይለቅ ሳል፣ የሆድ ህመም፣ የዓይን ችግር ከሌለው ቡችላው ትል ነበረበት ብሎ ብቻ ደም ለመቅዳት ልጅ መውጋት አያስፈልግም። አፈር የመብላት ልማድ ካለው ግን ለሐኪሙ ንገሪው፣ ሐኪሞች ራሳቸው መጠየቅ ይረሱታል።

ጥያቄ፦ የቶክሶካራ ኤላይዛ (የደም ምርመራው) ፖዘቲቭ ወጣብኝ። አሁን ሰውነቴ ውስጥ ትል እየዞረ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ የግድ አይደለም። ኤላይዛው የሚያየው አይጂጂ አንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነት ትሉን ለመከላከል የሚሠራውን ፕሮቲን ነው፣ እሱ ደግሞ አንዴ ከተሠራ ዓመታት ይቆያል፣ ልጅ ሆነህ በአፈር ስትጫወት የገባው ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ነገር መመሳሰል ነው፣ የሰው ወስፋት ወይም ስትሮንጊሎይድስ የሚባል ሌላ የአንጀት ትል ያለበት ሰው ደም ይሄንን ቴስት ሊያታልለው ይችላል፣ ጥሩ ኪት እጩ ላብራቶሪ ውስጥ ሲያድግ ከሚለቀው ንጥረ ነገር የተሠራ ነው፣ ያም ሆኖ ይሳሳታል። ስለዚህ ፖዘቲቭ ሲወጣ በዌስተርን ብሎት፣ ማለትም የትሉን ፕሮቲኖች በክብደት ለይቶ አንቲቦዲው የትኞቹን እንደሚይዝ በሚያሳይ ምርመራ፣ ማረጋገጥ ነው፣ እዛ ላይ ከ24 እስከ 35 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ ነው) ያሉት የትናንሾቹ ፕሮቲኖች መስመሮች ከወጡ የቶክሶካራ ነው ለማለት ያስደፍራል።

ከዛ ሲቢሲህን፣ የደም ሴል ቆጠራህን ማለቴ ነው፣ አምጣና ኢኦሲኖፊል የምትለዋን ቁጥር እይ፣ ያቺ ነጭ የደም ሴል በጣም ከፍ ብላ ጉበትም ካበጠ ወይም አልትራሳውንድ ላይ ጉበቱ ነጠብጣብ ካለው ያ ሌላ ወሬ ነው። አንቲቦዲ ብቻ ይዞ ምንም ምልክት የሌለው ሰው ግን ብዙ ነው፣ ወረቀት ታክሞ አያውቅም፣ ሰው ነው የሚታከመው።

ጥያቄ፦ የወንድሜ ልጅ አንድ ዓይኑ ማየት ቀንሷል፣ ሐኪሙ የትል እጭ ጠርጥሮ ነበር የደም ቴስቱ ግን ኔጌቲቭ ሆነ። ይተወው?

መልስ፦ አይተወው! ዓይን ላይ ሕጉ ይገለበጣል። አንድ እጭ ብቻ ነው ዓይኑ ውስጥ የገባው፣ ለአንድ እጭ ደግሞ ደሙ ያን ያህል አይነቃም፣ ኤላይዛው ኔጌቲቭ ወይም ዝቅተኛ፣ ኢኦሲኖፊሉም ኖርማል ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ዋናውን የሚያነበው ዓይኑን ገልጦ ሲያይ ነው፣ ሬቲና ላይ፣ ማለትም ዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን ላይ፣ ነጣ ያለ እብጠት። ካላመነ ከዓይኑ ፈሳሽ ወስዶ እዛ ያለውን አንቲቦዲ ከደሙ ጋር ያወዳድራል፣ ዓይኑ ውስጥ ያለው ከበለጠ እጩ እዛው ነው።

ለምን ይሄን ያህል እንደምጮህ ልንገርህ። በ1950 ዊልደር የምትባል ተመራማሪ የልጆች ካንሰር ነው፣ ሬቲኖብላስቶማ ነው ተብለው የወጡ ዓይኖችን ቆራርጣ በማይክሮስኮፕ ስታይ ብዙዎቹ ውስጥ የትል እጭ አገኘች። ዓይናቸው የወጣው በትል ነበር ማለት ነው። በ1952 ደግሞ ቢቨርና ባልደረቦቹ እጩ ጉበት ውስጥ የገባባቸውን ልጆች ገልጸው በሽታውን ስም ሰጡት። ባጭሩ ወንድምህ የዓይን ስፔሻሊስት ጋ ይሂድ፣ ቶሎ።

ጥያቄ፦ ዶሮና በግ ላይስ አለ? የዶሮ ኩስ ባስመረምርስ?

መልስ፦ አለ፣ ግን እነሱም እንደኛ ናቸው፣ እጩ ሥጋቸው ውስጥ ይተኛል እንጂ አያድግም፣ ኩሱ ላይ የሚገኝ ነገር የለም። ከታረዱ በኋላ ጉበትና ሳንባው ተፈጭቶ ሥጋ በሚያሟሟው ፔፕሲንና በአሲድ እንዲሟሟ ይደረጋል፣ ልክ ጨጓራ እንደሚያደርገው፣ ከዛ የቀረው ዝቃጭ ላይ እጩ ይፈለጋል። ብዙ ጊዜ ለጥናት ነው የሚሠራው። ለእኛ የሚጠቅመው ግን ጥሬ ወይም ያልበሰለ ጉበት የበላ ሰው ውሻ ነክቶ ባያውቅም ሊይዘው እንደሚችል ማወቁ ነው፣ ታሪክ ስትቀበሉ "ውሻ አለህ?" ብላችሁ ብቻ አትዝጉት።

ጥያቄ፦ ውሻዬን ባቅፈው ይይዘኛል?

መልስ፦ ከሱ ይልቅ አፈሩን ፍራ። ትኩስ ካካ ውስጥ ያለው እንቁላል ገና አይበክልም፣ ውስጡ እጭ እስኪሠራ አፈር ላይ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈልጋል፣ ከዛ ግን ዓመታት ይቆያል። ካካውን በየቀኑ አንሳ፣ እጅህን ታጠብ።

ጥያቄ፦ ከታከምኩ በኋላ መዳኔን በኤላይዛ ላረጋግጥ?

መልስ፦ አይሆንም፣ አንቲቦዲው ቶሎ አይወርድም፣ ድነህም ፖዘቲቭ ነህ። የኢኦሲኖፊሉን መውረድና የራስህን ስሜት ተከታተል። ውሻው ግን 2 ሳምንት ገደማ ቆይቶ ሰገራው ይደገም።

ጥያቄ፦ ሳምፕሉን እንዴት ላምጣ? ግቢ ውስጥ የደረቀ አለ።

መልስ፦ የደረቀውን ተወው፣ አፈር ላይ የሚኖሩ ትናንሽ ትሎች ገብተውበት እኛንም ያደናግሩናል። ልክ እንደወጣ ከላይ ከላዩ አንሳ፣ የሚዘጋ ዕቃ ውስጥ አድርግ፣ የዛን ቀን የማታደርስ ከሆነ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጥ፣ ፍሪዘር ውስጥ ግን አይሆንም። ደግሞ ዕቃው ላይ የየትኛው ውሻ እንደሆነ ጻፍበት፣ ሦስት ውሻ ያለው ሰው አንድ ጠርሙስ አምጥቶ "የሁሉም ነው" ሲለኝ ምን እንደምለው ይጠፋኛል።