እህቴ፣ ያን ቡስተር ከመግዛትሽ በፊት

ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት። ኮፒ ቤትሽ ምድር ቤት ነው፣ ኔትወርክ የለውም፣ አንድ ልጅ «የሲግናል ቡስተር በ28 ሺህ ብር እገጥምልሻለሁ» ብሎሻል። ቨርጂኒያ ያለው ወንድምሽ ደግሞ «ከዚህ ልላክልሽ» ይላል። እናትሽ የልብ ባትሪ ስላላቸው ጨረሩ እንዳይጎዳቸው ፈርተሻል። ሥር ሥሩን የተጻፉትን መልሶች አነበብኳቸው። «ግዢው፣ አሪፍ ነው»፣ «ካንሰር ያመጣል»፣ «ኢንቦክስ አድርጊኝ»። ሦስቱንም እርሺያቸው።

እኔ ሞባይል ጠጋኝ ነኝ። ሱቄም ምድር ቤት ነው። ስለዚህ ችግርሽን ማስረዳት አይጠበቅብሽም። ደንበኛ ይመጣል፣ ሥራው ያልቃል፣ «በቴሌብር ልክፈል» ይላል፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ ኔትወርክ ፍለጋ ደረጃውን ይወጣል። አንዳንዱ እንደወጣ ይቀራል። የአንዱን ስክሪን ቀይሬለት «መጣሁ» ብሎ ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነው።

በቁጥር በቁጥር ላስቀምጥልሽ።

1. ወንድምሽ ምንም እንዳይልክ። ቡስተር ማለት ደካማ ሲግናል ተቀብሎ የሚያጎላ ማሽን ነው፤ እዚያ የሚሸጠው የተሠራው ለእነሱ ኔትወርክ ሞገድ ነው፤ 700፣ 850፣ 1900 ሜጋኸርዝ ላይ። የእኛ በብዛት 900፣ 1800 እና 2100 ነው። ዕቃው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን እዚህ ስልክሽን አይሰማውም። እዚያም ቢሆን ዝም ብሎ ተገዝቶ የሚሰካ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ኤፍሲሲ የሚባለው የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤታቸው ያላጸደቀው ለገበያ አይቀርብም፣ የገዛውም ሰው ለስልክ ድርጅቱ ማስመዝገብ አለበት። ወንድምሽ ይህን ካላወቀ ንገሪው።

2. ልጁ «ሲኢ ምልክት አለው» ካለሽ አትታለዪ። ሲኢ የአውሮፓ ገበያ ምልክት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ራሱ አምራቹ ነው የሚለጥፈው። አንቺም እዚያው ኮፒ ቤትሽ ውስጥ ማተም ትችያለሽ። እኔም እንዲህ ያለ ቡስተር ገዝቼ ነበር፤ የኔም ምልክቱ ነበረው። ካርቶኑ ላይ ደግሞ የማጉላት አቅሙ 70 ዴሲቤል ነው ይላል። ዴሲቤል በየአሥሩ አሥር እጥፍ እየሆነ ነው የሚሄደው፤ 70 ማለት አሥር ሚሊዮን እጥፍ ማለት ነው። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ! መፍራት ነበረብኝ።

እንዴት እንደገጠምኩት ልንገርሽ። ልጁም እንደዚያው ነው የሚገጥምልሽ። ከካርቶኑ የወጣው ገመድ አሥር ሜትር ብቻ ነው። ጣሪያ ድረስ አይደርስም። ስለዚህ የውጪውን አንቴና ምድር ቤቱ አየር የሚያገኝበት ክፍት ቦታ ላይ፣ መንገዱ ዳር አሰርኩት። የውስጡን፣ እንጉዳይ የምትመስለዋን፣ ኮርኒሱ ላይ ለጠፍኳት። በመካከላቸው ቢበዛ አራት ሜትር ነው፤ የሚለያቸው ግድግዳም ሶሌታም የለም። ሰካሁት። ባሩ ሞላ! ፎቅ ያሉ ጎረቤቶች ሳይቀሩ ሊያዩ ወረዱ። አንድ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። መብራት መጣ ማለት መሰለኝ። 15 ዓመት ቀፎ ስፈታ ስገጥም የኖርኩ ሰውዬ፣ ማስጠንቀቂያ መሆኗን ለማወቅ አንዲት ገጽ ወረቀት መግለጥ አቃተኝ።

በሦስተኛው ቀን ሰፈሩ ተረበሸ። ባር ሙሉ ነው፣ ጥሪ አይወጣም። ቢወጣም ይቆረጣል። ከላይ ያለው ፀጉር አስተካካይ፣ ማዶ ያለችው ፋርማሲ፣ ታክሲ ተራው፣ ሁሉም ያማርራል። እኔም ቡና እየጠጣሁ አብሬ አማረርኩ። የአቤቱታ ደብዳቤ ተጽፎ ሲዞር ሦስተኛው ፈራሚ እኔ ነኝ። እግዜር ያሳይሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሠርግ ድንኳን ውስጥ ማይክ ወደ ስፒከር ሲጠጋ የሚያፏጨውን ታውቂዋለሽ? የራሱን ድምፅ ሰምቶ፣ አጉልቶ፣ እንደገና ሰምቶ፣ እስኪጮህ ድረስ። ሁለቱ አንቴናዎች ተቀራርበው ሲተያዩ ቡስተሩም የሚሆነው ያው ነው። ጩኸቱ ግን በጆሮ አይሰማም። የሚሰማው የኔትወርኩ ማማ ነው። 900 ላይ ስልኮች ወደ ማማው የሚናገሩት ከ880 እስከ 915 ባለው ውስጥ ነው፤ የኔ ማሽን እዚያ ላይ ቀን ከሌት ያፏጫል። ማማው ይናገራል፣ ስልኩ ይሰማዋል፣ ለዚህ ነው ባሩ የሚሞላው። ስልኩ ሲመልስ ግን ማማው በፉጨቱ ምክንያት አይሰማውም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ረብሻው ከየት እንደሚመጣ የሚፈልጉ ሁለት ልጆች መጡ። አንዱ የዓሣ አጥንት የሚመስል አንቴና ይዟል፣ ሌላው አንገቱ ላይ ስክሪን አንጠልጥሏል። ከታክሲ ተራው ጀምረው እያዞሩ እያዞሩ ደረጃዬ አፍ ላይ ቆሙ። ወረዱ። ባለ ስክሪኑ እንጉዳይዋን ቀና ብሎ አየና «ጋሼ፣ እስቲ እሱን ንቀለው» አለኝ። ነቀልኩት። ስክሪኑ ላይ እንደ ተራራ ቆሞ የነበረው መስመር ሜዳ ሆነ። ፀጉር አስተካካዩ ደረጃው ላይ ሆኖ ሁሉንም ያያል። ያኔ ስልኩ ጠራ። የሱ ስልክ! ከሁለት ሳምንት በኋላ።

ማሽኑን ወሰዱት፣ አስፈረሙኝ፣ «ቢሮ ትጠራለህ» አሉኝ። ልጆቹ ጨዋ ናቸው፣ ቅሬታ የለኝም። ቢሮው ግን… የቱ ቢሮ እንደሆነ አልጽፍም። ሰውዬው ቀና ሳይል «ሰፈሩን ያፈንከው አንተ ነህ?» አለኝ። «ተሳስቼ ነው» ብዬ ስለ አንቴናዎቹ ርቀት ላስረዳው ጀመርኩ። «ትምህርት ልትሰጠን ነው የመጣኸው?» አለ። ከዚያ በኋላ ስድስት ቀን አመላለሰኝ። አንድ ቀን ፋይሉ የለም፣ አንድ ቀን ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው፣ አንድ ቀን ዓርብ ከሰዓት ነው። ስድስት ቀን ሱቅ ዘግቼ! ማሽኑ 26 ሺህ፣ የስድስት ቀን ገቢ፣ የታክሲ፣ በዚያ ላይ የሕንፃው ባለቤት ኪራዬን ሊያቋርጥ ለትንሽ ተረፍኩ።

ደግሞ ቀልድ አይደለም፣ እህቴ። በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው ፍሪኩዌንሲም የሚያስተዳድረው፣ የቴሌኮም መሣሪያንም ዓይነት የሚያጸድቀው። ከዚያ በፊት የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር አዋጅ፣ 761/2004 ማለቴ ነው፣ ያለፈቃድ መሣሪያ ማስገባትንም መያዝንም በእስር ይቀጣል። እኔ በማስጠንቀቂያ ነው የተለቀቅኩት። ልጁ ገጥሞልሽ ይሄዳል፤ ሲመጡ የሚያገኙት አንቺን ነው።

ቁጥር ሦስት ላይ የእናትሽን ነገር ልጽፍ ነበር፣ ቁጥሩ ጠፋብኝ፣ እንዲሁ ልጻፈው። የልብ ባትሪ ያለው ሰው ስልኩን ከባትሪው 15 ሴንቲሜትር ያህል ያርቅ ነው የሚባለው። የደረት ኪስ ውስጥ አይክተቱ፣ በሌላኛው ጎን ባለው ጆሯቸው ያውሩ። ለቀረው የገጠመላቸውን ሐኪም ጠይቂ፣ እኔ ጠጋኝ ነኝ።

ጨረሩን በተመለከተ ግን ሰው የሚፈራው ተገልብጦ ነው። ኔትወርክ በሌለበት ቦታ የሚጮኸው ስልኩ ራሱ ነው። ማማው አልሰማ ሲለው ጉልበቱን ይጨምራል፤ 900 ላይ የድሮው ቱጂ ስልክ በአፍታ አፍታው እስከ 2 ዋት ይለቃል። ሱቅሽ ውስጥ ስልክ የሚሞቀውና ባትሪ ቶሎ የሚያልቀው ለዚህ ነው። ስልክ ከመጥራቱ በፊት ስፒከርሽ «ድርርር ድር ድር» ይል የለ? እሱ ነው፤ በሰከንድ 217 ጊዜ ያህል እየለቀቀ እያቆመ። ቤትሽ ጭር ሲል አዳምጪው፣ ምድር ቤት ሲሆን ይብሳል። እናትሽ ሱቅ ሲመጡ ስልካቸውን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ።

ሰውነት ከቀፎሽ የሚቀበለውን የጨረር ልክ ማየት ከፈለግሽ ብዙ ስልኮች ላይ ኮከብ መሰላል 07 መሰላል ብትጪ ያሳይሻል። ለጭንቅላት የአሜሪካ ገደብ በኪሎ 1.6 ዋት ነው፣ የአውሮፓ 2። እ.ኤ.አ. በ2023 ፈረንሳዮች አይፎን 12ን ሽያጩን ያስቆሙት እጅና ኪስ ላይ ሲለካ 5.74 ስለወጣ ነው፤ ገደቡ 4 ነው። አፕል በሶፍትዌር አስተካክሎ ተመለሰ። ማለቴ፣ ትልቁም ይለካል። የልጁን ቡስተር ግን ማን ለካው?

እኔን ያዳነኝ ምንድነው? ሁለት ነገር። መጀመሪያ የኢንተርኔት መስመር አስገባሁ፣ ዋይፋዩን ለደንበኛ ከፈትኩ፣ ፓስወርዱን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። የቴሌብር አፑ በዋይፋይ ይሠራል፤ ኮከብ 127 መሰላል የሚለው ደዋይ ግን አሁንም ደረጃ ይወጣል፣ አንድ ሰው አብሮት ይውጣ። ከዚያ የሕንፃው ባለቤት በደብዳቤ ለኔትወርክ ድርጅቱ ጠየቁ፣ የራሳቸው ባለሙያ መጥቶ ለካ፣ የራሳቸውን አንቴና በየወለሉ ዘረጉ። አራት ወር ፈጀ። ደብዳቤው ላይ የተከራዮቹ ሁሉ ፊርማ አለበት፣ አንቺም በሕንፃው ባለቤት በኩል ሂጂ፣ ለብቻሽ ብትሄጂ ማንም አይሰማሽም። ደብዳቤውን ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ፣ ስሞቹን ሸፍኜ።

ሰፈር ውስጥ ግን ስሜ ተቀይሯል፤ የኔትወርክ አፋኝ ማሽን ስም ወጥቶልኛል። ዛሬ ጠዋት ለአምስት ደቂቃ ያህል ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ደረጃው ላይ ብቅ ብሎ «ጃመር! አንተ ጃመር! ምን ሰካህ?» አለኝ።