ውርጩ ለምን ዜሮ ሆነ?

ደብረ ብርሃን ኮምፒውተር ሳይንስ የምትማር የሁለተኛ ዓመት ተማሪ እንዲህ ስትል ጽፋልኛለች፦

«ጋሼ፣ ሀስክል የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ጀምረናል። የቤት ሥራው የሰባት ቀን የንጋት ሙቀት ነው፦ [2, -1, -3, 0, 4, -2, 1]። ቴርሞሜትሩ 1 ዲግሪ አብዝቶ ስለሚያነብ መጀመሪያ ከእያንዳንዱ ላይ 1 እንቀንሳለን። ከዚያ ከዜሮ በታች የሆኑትን፣ ውርጭ የጣለባቸውን ንጋቶች እንለያለን። በመጨረሻ ከውርጮቹ ቀለል ያለውን፣ ማለትም ትልቁን ቁጥር እናወጣለን። ሉፕ አይፈቀድም፤ በማፕ፣ በፊልተርና በፎልድ ብቻ። የመጀመሪያው እርምጃ በኤረር ሞላብኝ። ሁለተኛው እውነት፣ ሐሰት፣ እውነት የሚል ሊስት ሰጠኝ። ሦስተኛው ደግሞ 0 ይለኛል። በፎር ሉፕ ቢሆን አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። ምኑ ነው የጠፋኝ? ይህንንስ ለምን እንማራለን?»

እህቴ፣ ኮድሽን አብረሽ መላክሽ በጣም ጠቅሞኛል። ሦስቱም ስህተቶች ጀማሪ ሁሉ የሚያልፍባቸው ናቸው። ሦስተኛው ግን የቆየ ባለሙያንም ይጥላል፤ ስለዚህ እሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። እዚህ ኮዱን በእኛ ፊደል ነው የምጽፈው። አንቺ ማፕ፣ ፊልተር፣ ፎልድአር (ከቀኝ የሚጀምር ፎልድ) የሚሉትን እንደለመድሽው በላቲን ፊደል ጻፊያቸው።

ከሁሉ በፊት አንድ ልማድ ላስይዝሽ። በፎር ሉፕ ስታስቢ መጀመሪያ የሚመጣልሽ ጥያቄ «እንዴት ይዞራል?» የሚል ነው። እሱን ለጊዜው ተዪው። በሱ ፋንታ «ስንት ገባ? ስንት ይወጣል?» ብለሽ ጠይቂ። ሰባት ገብቶ ሰባት የሚወጣ ከሆነ፣ እያንዳንዱም በየራሱ የሚለወጥ ከሆነ ማፕ ነው። ሰባት ገብቶ ጥቂቱ ብቻ የሚወጣ፣ የወጣውም ሳይነካ እንዳለ የሚወጣ ከሆነ ፊልተር ነው። ሰባት ገብቶ አንድ መልስ ብቻ የሚወጣ ከሆነ ፎልድ ነው። ይህንን ኮድ ከመጻፍሽ በፊት ወረቀት ላይ አስፍሪው።

አሁን ወደ መጀመሪያው እርምጃ። የጻፍሽው ይህ ነው፦

ማፕ (-1) ንጋት

ሐሳብሽ ልክ ነው። ማፕ (+1) ይሠራል፤ እና ማፕ (-1) ለምን አይሠራም? ሀስክል (+1)ን ሲያይ «1 የሚደምር ፈንክሽን» ብሎ ይረዳዋል። (-1)ን ሲያይ ግን ኔጌቲቭ አንድ የሚባለውን ቁጥር ነው የሚያየው። ማፕ ፈንክሽን ይጠብቃል፣ አንቺ ቁጥር ሰጠሽው። ኮድሽን የሚተረጉመው ፕሮግራም፣ ኮምፓይለሩ፣ የሚያወጣው ረጅም መልእክት ዞሮ ዞሮ ይህንኑ ነው የሚልሽ። መፍትሔው ሰብትራክት የሚባለው ፈንክሽን ነው፦

ማፕ (ሰብትራክት 1) ንጋት

ውጤቱ [1, -2, -4, -1, 3, -3, 0] ይሆናል። ሰባት ገባ፣ ሰባት ወጣ።

ሁለተኛው እርምጃ ላይ ማፕ (<0) ብለሻል። ጥያቄውን ጠይቂ፦ ስንት መውጣት አለበት? የውርጭ ቀናት ብቻ፣ ማለትም ከሰባት ያነሰ። ማፕ ደግሞ የሊስቱን ርዝመት በፍጹም አይቀንስም። ሰባት ቁጥር ስትሰጪው «ከዜሮ ታች ነው ወይ?» ብሎ ሰባቱን ጠይቆ ሰባት መልስ አመጣልሽ። እውነት፣ ሐሰት ያለሽ ለዚህ ነው። የሰጠሽው ፈንክሽን ትክክል ነው፤ የሰጠሽው ለተሳሳተ ሰው ነው። ያንኑ (<0) ለፊልተር ስጪው («የታረመ» ያልኩት የመጀመሪያውን እርምጃ ውጤት ነው)፦

ፊልተር (<0) የታረመ

[-2, -4, -1, -3] ይወጣል። አራት ንጋት።

ታይፓቸውን፣ ማለትም ምን ዓይነት ነገር ገብቶ ምን ዓይነት ነገር እንደሚወጣ የሚናገረውን መስመር፣ ጎን ለጎን ብታዪው ልዩነቱ ወለል ብሎ ይታይሻል፦

ማፕ :: (ሀ -> ለ) -> [ሀ] -> [ለ]
ፊልተር :: (ሀ -> ቡል) -> [ሀ] -> [ሀ]

ቡል ማለት እውነት ወይም ሐሰት ነው። ማፕ ሀ ተቀብሎ ለ ያወጣል፤ ቁጥር ገብቶ እውነትና ሐሰት ሊወጣ ይችላል። ፊልተር ግን ሀ ተቀብሎ ሀን ራሱን ነው የሚመልሰው። ብዙ ተማሪ ታይፕን ኮምፓይለሩን ለማስደሰት የሚጻፍ ነገር አድርጎ ያየዋል። እኔ ኮዱን ከማየቴ በፊት የማነበው እሱን ነው። (በነገራችን ላይ ሀስክል የራስሽን ፈንክሽንና ቫሪያብል በግዕዝ ፊደል ብትሰይሚ ይቀበልሻል። «ንጋት» ብለሽ መሰየም ትችያለሽ።)

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። እንዲህ ነበር የጻፍሽው (ማክስ ከሁለት ቁጥር ትልቁን ይመልሳል፤ «ውርጭ» ከፊልተሩ የወጣው ሊስት ነው)፦

ፎልድአር ማክስ 0 ውርጭ

መልሱ -1 መሆን ሲገባው 0 አለሽ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ሜዳው ነጭ ሆኖ ሲነጋ አይተሻል። አራቱም ንጋት ከዜሮ በታች ሆኖ ሳለ ዜሮው ከየት መጣ?

ፎልድን ለመረዳት መንዝ የበግ ፀጉር ሲፈተል ማየት ይበቃል። ለባና ወይም ለዝተት የሚሆነው ክር በአንድ ጊዜ አይወጣም። የተባዘተው ፀጉር በትንሽ በትንሹ እየተሳበ፣ ቀድሞ ከተፈተለው ክር ጋር እየተያያዘ እንዝርቱ ላይ ይጠቀለላል። ፎልድም ሦስት ነገር ይፈልጋል። አዲሱን ፀጉር ካለው ክር ጋር የሚያያይዝ እጅ፤ ያ ፈንክሽንሽ ነው። ሥራው ሲጀመር እንዝርቱ ላይ ያለ ነገር፤ ያ መነሻ ዋጋው ነው። የሚፈተለው ፀጉር፤ ያ ሊስቱ ነው።

አንቺ እንዝርቱ ላይ 0 ጠቅልለሽ ጀመርሽ። አሁን በእጅሽ ፍቺው፤ ኔጌቲቭ ቁጥሮቹን በቅንፍ አድርጊያቸው፣ ሀስክልም እንዲህ ነው የሚፈልገው፦

ማክስ (-2) (ማክስ (-4) (ማክስ (-1) (ማክስ (-3) 0)))

ከውስጥ ጀምሪ። ከ-3 እና ከ0 ማን ይበልጣል? 0። ከ-1 እና ከ0? አሁንም 0። እስከ መጨረሻው 0 ሆኖ ይወጣል። ይህ ዜሮ ከንጋቶቹ ውስጥ የለም። አንቺ ያስገባሽው ነው። ለመደመር 0 መልካም መነሻ ነው፣ ምክንያቱም በማንኛውም ቁጥር ላይ 0 ቢደመር አይለውጠውም። ለማባዛት 1 ነው መነሻው። ለማክስ ግን 0 ገለልተኛ አይደለም፤ ከኔጌቲቭ ቁጥር ሁሉ ይበልጣል።

ይህ ስህተት ከክፍል ውጭም አለ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ማኅበር የሒሳብ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። የዓመቱን የተሻለ ወር የሚያወጣው ክፍል ከ0 ይጀምር ነበር። አንድ ዓመት ወሩ ሁሉ ኪሳራ ሆነ። ፕሮግራሙ «የተሻለው ወር ውጤት 0» አለ። ኤረር የለም፣ ቀይ ጽሑፍ የለም። ሰዎቹ አንድ ወር ከኪሳራ የዳኑ መስሏቸው ቆዩ። ስህተቱ የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፎልድ ስጽፍ መነሻው ላይ ሳልቆም አላልፍም።

መፍትሔው የሊስቱን አንዱን ቁጥር ራሱን መነሻ ማድረግ ነው። ፎልድአር1 የሚሠራው ይህንን ነው፤ መነሻ አይጠይቅሽም፦

ፎልድአር1 ማክስ ውርጭ

-1 ይወጣል። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ሳምንቱን ሙሉ ውርጭ ባይኖርስ? ፊልተሩ ባዶ ሊስት [] ያወጣል፣ ፎልድአር1 ደግሞ ባዶ ሊስት ሲሰጠው ፕሮግራሙን ያቆመዋል። ስለዚህ አስቀድመሽ ባዶ መሆኑን ፈትሺ። መምህርሽ ሜይቢ የሚባለውን፣ መልስ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል የሚለውን ታይፕ ካስተማሯችሁ «ምንም የለም» ብለሽ ብትመልሺ ይበልጥ ያምራል።

ስለ ፎልድ ሁለት ነገር ልጨምርልሽ፣ ፈተና ላይ አይቀሩምና። አንደኛው የአቅጣጫ ጉዳይ ነው። ማክስና መደመር በየትኛውም አቅጣጫ ያው ናቸው፤ መቀነስ ግን አይደለም። [10, 3, 2]ን ውሰጂ። ፎልድአር (-) 0 ማለት 10 - (3 - (2 - 0)) ነው፣ ውጤቱ 9። ከግራ የሚጀምረው ፎልድኤል (-) 0 ደግሞ ((0 - 10) - 3) - 2 ነው፣ ውጤቱ -15። ያው ሊስት፣ ያው ፈንክሽን፣ ያው መነሻ።

ሁለተኛው የቦታ ጉዳይ ነው። ለፎልድአር የምትሰጪው ፈንክሽን መጀመሪያ አዲሱን ፀጉር፣ ቀጥሎ ያለውን ክር ይቀበላል። በፎልድኤል ይገለበጣል። የሊስት ርዝመት ለመቁጠር እንዲህ ብትዪ (\ ስም የሌለው ፈንክሽን ይጀምራል፤ በ አዲሱ ፀጉር፣ ቁ ያለው ክር ነው)፦

ፎልድአር (\በ ቁ -> ቁ + 1) 0 [10, 3, 2]

3 ታገኛለሽ። ሁለቱን ስሞች አቀያይረሽ \ቁ በ ብትዪ ግን 11 ይወጣል። ቁ የሚለው ስም አሁን የመጀመሪያውን ቁጥር 10ን ነው የያዘው፣ እሱ ላይ 1 ተደመረ። ታይፑ ይገጥማልና ኮምፓይለሩ ዝም ይላል።

ለምን ይህን እንማራለን ላልሽው፦ ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጆን ማካርቲ ሊስፕ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1958 ሲሆን ፈንክሽንን ለፈንክሽን መስጠት እዚያም ነበር። ሀስክል እ.ኤ.አ. በ1990 ወጣ፤ ስሙ የሎጂክ ሊቁ የሀስክል ከሪ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2004 በብዙ ሺህ ኮምፒውተሮች ላይ ዳታ የሚያቀነባብርበትን ዘዴ ሲያስተዋውቅ ማፕሪዱስ ብሎ ሰይሞታል፤ ሪዱስ የፎልድ ሌላ ስሙ ነው። ለእኔ ግን ዋናው ሌላ ነው። የሰው ፎር ሉፕ ሳነብ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ እስከ መጨረሻው መስመር መሄድ አለብኝ። ማፕ የሚል ሳነብ ገና ከስሙ ርዝመቱ እንደማይለወጥ አውቃለሁ። ፊልተር ሳነብ አዲስ ቁጥር እንዳልተፈጠረ አውቃለሁ።

የቤት ሥራሽ በአንድ መስመር ይህ ነው፦

ፎልድአር1 ማክስ (ፊልተር (<0) (ማፕ (ሰብትራክት 1) ንጋት))

ከቀኝ ወደ ግራ አንብቢው፦ ይታረማል፣ ይለያል፣ አንድ ይሆናል። ይህን ብቻ ገልብጠሽ አታስገቢ። እያንዳንዱን ደረጃ በጂኤችሲአይ (የሀስክልን ኮድ መስመር በመስመር በሚያስኬደው ፕሮግራም) ላይ ለብቻው አስኪደሽ ውጤቱን እዪው።

እሱን ስትጨርሺ አንድ መልመጃ እሰጥሻለሁ። ማፕን ራሱን በፎልድአር ጻፊው። መነሻው ባዶ ሊስት [] ነው፤ ፈንክሽንሽ የተለወጠውን ቁጥር በሁለት ነጥቡ ምልክት (:) ከፊት ይቀጥለዋል። በ[2, -1, -3] ሞክሪውና በእጅ የፈታሽበትን ወረቀት ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።