«ምን ላንብብ?» ላላችሁ፦ ከትዳር ልቦለድ እስከ ልብ አንጠልጣይ

ጥያቄዎቻችሁን አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ፤ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ሁለት ነገር ብቻ አስቀድሜ ልበል። የማንንም መጽሐፍ መጨረሻ አልናገርም፤ ብትለምኑኝም አልናገርም። አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ስለሆኑ ደግሞ ርዕሳቸውን እንደሚነበበው በፊደላችን ጽፌዋለሁ። ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።

ልብ አንጠልጣይ የሚባል ነገር አንብቤ አላውቅም። እንግሊዝኛዬም ለሥራ ይበቃል እንጂ ለልቦለድ አይመስለኝም። ከየት ልጀምር?

ከ«ዘ ሃውስሜይድ» ጀምሪ። ፍሪዳ ማክፋደን በ2022 ያወጣችው ነው። ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፤ ቋንቋውም ቀላል ነው። መዝገበ ቃላት ሳትከፍቺ ብዙ ገጽ ትሄጃለሽ።

ሚሊ የምትባል ከእስር የወጣች ሴት ናት። ሥራ ስታጣ አንድ ሀብታም ቤት በሠራተኛነት ትገባለች። ጣሪያ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ይሰጧታል። በሩ የሚቆለፈው ግን ከውጭ ነው። በቃ፣ ከዚህ በላይ የለም! ሰው ቤት ሠርታ የምታውቅ የኛ ሴት፣ ቤይሩትም ይሁን ዱባይ፣ ያችን በር ስታነብ ከሌላው አንባቢ ቀድማ ነው የምትደነግጠው።

ደራሲዋ በብዕር ስም የምትጽፍ ሐኪም ናት፤ የአንጎል ጉዳት ነው ሙያዋ። ፊልሙ በ2025 መጨረሻ ወጥቷል፤ አንቺ ግን መጽሐፉን አስቀድሚ። ታላቅ ድርሰት ነው አልልሽም። አንዳንድ ቦታ «ኧረ ባክሽ!» ያሰኛል። ቢሆንም እንቅልፍ ያስጥልሻል፤ ለጀማሪ የሚፈለገውም ይኸው ነው።

«ጎን ገርል»ን በፊልም አይቼዋለሁ። አሁን መጽሐፉን ባነብ ጊዜ ማባከን ነው? ወይስ «ዘ ገርል ኦን ዘ ትሬን» ይሻለኛል?

እውነቱን ልንገርህ፣ ትልቁ ድንጋጤ አምልጦሃል። የ2014ቱን ፊልም ጽሑፍ የጻፈችው ራሷ ደራሲዋ ጊሊያን ፍሊን ስለሆነች ታሪኩ ብዙም አልተቀየረም። ግን አንብበው። ፊልም የማይሰጥህ የሚስቲቱን የኤሚን ድምፅ ነው።

ነገሩ ለማያውቁት፦ ሚዙሪ ውስጥ ባልና ሚስት አምስተኛ የጋብቻ በዓላቸው ላይ ናቸው። በዚያው ቀን ሚስቲቱ ትጠፋለች። አንድ ምዕራፍ ባልየው ኒክ ያወራል፤ ቀጥሎ የኤሚን የቀን ማስታወሻ እናነባለን። አንዱን ስታምን ሌላው ያፈርሰዋል። መጽሐፉ የወጣው በ2012 ነው። ከዚያ በኋላ «ባልየው ነው ወይስ ሚስትየዋ?» የሚል ልብ አንጠልጣይ ገበያውን ሞላው። ብዙዎቹ ዘዴዋን ወስደዋል፤ ቁጣዋን ግን አልወሰዱም። ኤሚ «ግድ የላትም፣ ሁሉ ይስማማታል» የምትባለውን፣ ወንዶች የሚመኟትን ዓይነት ሴት የምትዘልፍበት ቦታ አለ። እሱን ሁለት ጊዜ አንብበው።

«ዘ ገርል ኦን ዘ ትሬን» በ2015 የወጣ የፖላ ሆኪንስ ሥራ ነው። ፊልሙ ኒው ዮርክ ሄዷል፤ መጽሐፉ ግን የለንደን ነው። ሬቸል ባሏ ፈቷታል፤ ከሥራም ተባራለች። ይህንን ለመደበቅ በየቀኑ ባቡር ትሳፈራለች። በመስኮት የምታያቸውን የማታውቃቸውን ባልና ሚስት ሕይወት በምናቧ ትፈጥራለች። አንድ ቀን ሴትየዋ ትጠፋለች። ሬቸል ያን ምሽት እዚያው አካባቢ ነበረች፤ ግን ሰክራ ስለነበር የምታስታውሰው የለም።

ለእኔ የዚህ መጽሐፍ ጥንካሬ ግድያው ላይ አይደለም። አንዲት ሴት የገዛ ትዝታዋን ማመን ሲያቅታትና ያደረገችውን ነገር ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማ ምን ትሆናለች? ሬቸል ታበሳጫለች። ደውላ ትረብሻለች፣ ትዋሻለች፣ «አቆማለሁ» ብላ ማታውኑ ጠርሙስ ትከፍታለች። ብዙ አንባቢ በዚህ ምክንያት መሀል ላይ ይተዋታል። አትተዋት። ሁለቱንም አንብብ፤ ግን ፊልሙን ያላየኸውን አስቀድም።

ባለቤቴ የማነበውን አይቶ «የሴት ልቦለድ» እያለ ይስቅብኛል። ምን ልበለው?

ምንም አትበይው፤ «ቢግ ሊትል ላይስ»ን ስጪው። አውስትራሊያዊቷ ሊያን ሞሪያርቲ በ2014 የጻፈችው ነው። ሲጀምር እናቶች ትምህርት ቤት በር ላይ የሚያሙት ሐሜት ነው። የማን ልጅ ማንን አነቀ፣ ማን ልደት ላይ አልተጠራም። ግን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ትምህርት ቤቱ ባዘጋጀው ምሽት ሰው መሞቱን እናውቃለን። ማን እንደሞተ አይነገረንም። ከእናቶቹ አንዷ ደግሞ ሁሉ የሚቀናባት ቆንጆና ሀብታም ናት፤ እጅጌዋን የምታስረዝመው ብልዙን ለመሸፈን ነው።

እኔ እንደማየው «የሴት» የሚባለውና ልብ አንጠልጣዩ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ አጠገቤ የሚተኛውን ሰው አውቀዋለሁ ወይ? አንዱ በሳሎን ይገባል፣ ሌላው በጓሮ። ቤቱ ያው ነው። ቅድም ያነሳኋት ፖላ ሆኪንስ ራሷ ባቡሩን ከመጻፏ በፊት ኤሚ ሲልቨር በሚል የብዕር ስም ቀለል ያሉ የፍቅር ልቦለዶች ትጽፍ ነበር። ጸሐፊዋ ያው፣ የምትጽፈው ስለ ወንድና ሴት፤ አንዱን አንብቦ በሌላው መሳቅ አይሆንም። ባልሽ ካነበበ በኋላ አሁንም ከሳቀ ንገሪኝ።

የባለቤቴ ልደት ደርሷል። የኮሊን ሁቨር አንባቢ ናት፤ የትኛውን ልግዛላት?

ተጠንቀቅ ወንድሜ። የአንድ ደራሲ ስም ያለባቸው መጻሕፍት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። «ኢት ኤንድስ ዊዝ አስ» የ2016 ነው፤ ቦስተን ውስጥ የአበባ መደብር የከፈተች ወጣት የምትወደው ሐኪም እጁን ሲያነሳባት ምን እንደምታደርግ ይተርካል። ደራሲዋ የተነሳችው ከእናቷ ሕይወት ነው። «ለምን ጥላው አትሄድም?» ብላ ለምትፈርድ ጓደኛ የሚሰጥ መጽሐፍ ነው።

«ቬሪቲ» ሌላ ነገር ነው። የከበረች ደራሲ በአደጋ አልጋ ላይ ትውላለች። ያልጨረሰቻቸውን መጻሕፍት እንድትጨርስ የተቀጠረች ሴት ቤቷ ገብታ የተደበቀ ጽሑፍ ታገኛለች። ጽሑፉ ስለ ልጆቿ የሚለውን ለማንበብ ጨጓራ ይጠይቃል። በሁለቱም ውስጥ የመኝታ ቤት ትዕይንት ስላለ ለአማትህ እንዳታውሳቸው። የመጀመሪያውን አንብባ ከሆነ «ቬሪቲ»ን ግዛላት፤ የተጠቀለለበት ወረቀት ውስጥ መለዋወጫ ደረሰኙን ጨምር።

«ዘ ሳይለንት ፔሸንት» እንደሚወራለት ነው?

ግማሹን። ሠዓሊዋ አሊሺያ ባሏን አምስት ጊዜ ተኩሳ ከገደለችው በኋላ አንዲት ቃል አትናገርም። ቲዮ የሚባል የሥነ ልቦና ሐኪም «እኔ አናግራታለሁ» ብሎ ይነሳል። ደራሲው አሌክስ ሚካኤሊደስ የቆጵሮስ ልጅ ነው፤ መነሻው የጥንቱ ግሪካዊ ዩሪፒደስ የጻፈው የአልሴስቲስ ተውኔት ነው። በባሏ ፈንታ ሞታ ከሞት የተመለሰች፣ ስትመለስም ዝም ያለች ሚስት። ሐሳቡ ግሩም ነው። ንግግሮቹ ግን ይደርቃሉ፤ ሐኪሙ የሚያደርገውንም ማንም ሐኪም አያደርግም። መዋቅሩ ነው የሚያስከብረው። ጨርሰሽ ወደ መጀመሪያው መመለስሽ አይቀርም።

አሜሪካ የተወለደች የ16 ዓመት ልጅ አለችኝ። አብረን የምናነበው ነገር ፈልጊልን።

«ዘ ገርል ዊዝ ዘ ላውዲንግ ቮይስ»፣ የናይጄሪያዊቷ አቢ ዳሬ፣ 2020። አዱኒ 14 ዓመቷ ነው። እናቷ ሞታለች፤ አባቷ ለሽማግሌ ሦስተኛ ሚስት አድርጎ ይድራታል። አምልጣ ሌጎስ ስትገባ ደግሞ ደመወዝ የማታይ የቤት ሠራተኛ ትሆናለች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መማር። የምታወራው በራሷ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው። መጀመሪያ ያደናቅፋል፤ ትንሽ ከሄዳችሁ በኋላ ግን ጆሮ ይለምደዋል። ለልጅሽ አነጋገሩ ያስቃታል፤ አንቺ ደግሞ ከገጠር መጥታ ሰው ቤት የገባች የምታውቂያት ልጅ ትመጣብሻለች።

አስቀድመሽ እወቂ፦ ያለዕድሜ ጋብቻና መደፈር አለበት። ጸሐፊዋ ለመዝናኛ አላቀረበችውም፤ ያም ሆኖ ልጅቷ ብቻዋን ባታነበው ይሻላል። «አብረን» ማለትሽ ልክ ነው።

የሚያስለቅሰኝ እፈልጋለሁ። ነርስ ነኝ፤ በቀላሉ አላለቅስም።

እንግዲያው «ዘ ዊሜን»፣ ክሪስቲን ሃና፣ 2024። ፍራንኪ የካሊፎርኒያ የጨዋ ቤት ልጅ ናት፤ የጦር ሠራዊት ነርስ ሆና ቬትናም ትዘምታለች። ጦርነቱ ግማሹ ነው። የሚያመው ስትመለስ ነው፤ «ቬትናም ውስጥ ሴት አልነበረችም» ይሏታል። ነርሷን ነርስ እንኳ አላሏትም። መሀረብ ያዢ።

የሚያስቅስ? ግን ተራ ቀልድ አይሁን።

«ኤሊኖር ኦሊፋንት ኢዝ ኮምፕሊትሊ ፋይን»፣ ጌይል ሃኒማን፣ 2017። ግላስጎው ውስጥ ያለች የቢሮ ሠራተኛ አርብ ማታ ፒዛና ቮድካ ይዛ ትገባለች፤ እስከ ሰኞ ሰው አታናግርም። አነጋገሯ ያስቃል፤ ከዚያ ለምን እንደዚህ እንደሆነች ሲገባሽ ሳቁ ይቆማል። ስደት ላይ ብቻውን የኖረ ሰው ያውቃታል።

«ሌሰንስ ኢን ኬሚስትሪ»ም አለ፤ ቦኒ ጋርመስ በ60ዎቹ ዕድሜዋ ያወጣችው የመጀመሪያ መጽሐፏ ነው። ኬሚስት ሴት በቴሌቪዥን ምግብ ማብሰል እያስተማረች ሴቶችን ታሳምፃለች። ውሻው ከሁሉም ገጸ ባሕርያት ይበልጥ ያስባል።

የፈረንጅ ባልና ሚስት ሰለቸኝ። ከኛ ወገን የለም?

አለ እንጂ! «ማይ ሲስተር፣ ዘ ሲሪያል ኪለር»ን ያዥ። የኦይንካን ብሬዝዌይት ነው፣ 2018፣ ሌጎስ። ኮሬዴ ነርስ ናት። ቆንጆዋ ታናሽ እህቷ ፍቅረኞቿን መግደል ልማድ አድርጋዋለች፤ ደሙን የምታጸዳው ኮሬዴ ናት። ታላቅ እህት ለሆነች ሐበሻ ይህ ከልቦለድ በላይ ነው። «እህትሽን ጠብቂ» እየተባለች ነዋ ያደገችው። አጭር ስለሆነ በአንድ እሑድ ያልቃል።

«ስቴይ ዊዝ ሚ» በአዮባሚ አዴባዮ፣ 2017። የጂዴ ልጅ አልወለደችም። የባሏ ዘመዶች አንድ ቀን ሳሎኗ ተቀምጠው ሁለተኛ ሚስት ያስተዋውቋታል። ትዳር ልቦለድ ብለሽ ትጀምሪዋለሽ፤ ምስጢሩ ግን እንደ ልብ አንጠልጣይ ነው የሚፈታው።

ከራሳችን የመዓዛ መንግሥቴ «ዘ ሻዶው ኪንግ» ለ2020 የቡከር ሽልማት መጨረሻ ዙር ደርሷል። የጣልያን ወረራ ነው፤ ግን ከሴቶቹ በኩል። ሒሩት የቤት አገልጋይ ናት፤ በኋላ ዘማች ትሆናለች። ቶሎ የሚነበብ አይደለም፤ እንደ ቅዳሴ ቀስ ብሎ ነው። የርብቃ ፍስሐ «ዶተርስ ኦቭ ሳይለንስ» (2019) ያነሰ ተወርቶለታል። ካናዳ የምትኖር የበረራ አስተናጋጅ የአይስላንድ እሳተ ገሞራ በረራ ሲያስቆም አዲስ አበባ ትቀራለች፤ እናቷ በቅርቡ ሞታለች። ቤተሰብ የሚደብቀውን ነገር የሚደፍር መጽሐፍ ነው።

ልጄ፣ እኔ በአማርኛ ብቻ ነው የማነበው። ለእኔስ?

አባቴ፣ እርስዎን የሚያህል አንባቢማ ባዶ እጁን አይሄድም። በሥነ ልቦና ላይ ብቻ የቆመ ልብ አንጠልጣይ በአማርኛ ብዙ የለም። የሰው ውስጥ ከሆነ የሚፈልጉት የአዳም ረታን «ግራጫ ቃጭሎች» ልጠቁምዎ። መዝገቡ የሚባለውን ዋና ገጸ ባሕርይ ከልጅነቱ ጀምሮ ይዞት ይሄዳል፤ ችኮላ አይወድም። ውጥረትና ፍቅር ከሆነ ደግሞ «ኦሮማይ»ን ድጋሚ ያንብቡት። በዓሉ ግርማ በ1983 ያሳተመው፣ በኋላም ደብዛው የጠፋበት መጽሐፍ ነው። የእንግሊዝኛ ትርጉሙ በ2025 ስለወጣ አማርኛ የማያነቡ የልጅ ልጆች ካሉዎት አብራችሁ ልታወሩበት ትችላላችሁ።

ትርጉም ካሉኝ ነቢይ መኮንን «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ የመለሰው የማርጋሬት ሚቼል ልቦለድ አለ። በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ የሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው የተረጎመው። አዲስ አይደለም፤ ግን ስካርሌትን የመሰለች ግትር ሴት በዛሬዎቹም ውስጥ አላገኘሁም።

ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ቁጭ ብዬ የማነብበት ጊዜ የለኝም።

አዳምጪ። አሜሪካ ከሆንሽ የሠፈርሽን ቤተ መጻሕፍት ካርድ አውጪና ሊቢ የሚባለውን አፕ ስልክሽ ላይ ጫኚ፤ በነጻ ነው። ታዋቂዎቹ መጻሕፍት ወረፋ ስላላቸው ዛሬውኑ ተመዝገቢ። ተለዋዋጭ ተራኪ ያላቸው፣ ለምሳሌ «ዘ ገርል ኦን ዘ ትሬን»፣ ለጆሮ ይመቻሉ። ልጆች መኪና ውስጥ ካሉ ግን አጥፊው።

መጨረሻውን ቀድሜ የማንበብ አመል አለብኝ። ነውር ነው?

መጽሐፉ ያንተ ነው፤ የገዛኸውም አንተ ነህ። እኔ ግን አላውስህም።

ገጽ በገጽ የሚያስደነግጡት ሰለቹኝ። ረጋ ያለ ልብ አንጠልጣይ አለ?

«ዘ ጎድ ኦቭ ዘ ዉድስ»፣ ሊዝ ሙር፣ 2024። ነሐሴ 1975 ነው፤ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ጫካ መሀል ያለ የልጆች የክረምት ካምፕ። ጠዋት ላይ የአንዲት ልጅ አልጋ ባዶ ሆኖ ይገኛል። የካምፑ ባለቤቶች ልጅ ናት። ወንድሟም ከ14 ዓመት በፊት እዚያው ጠፍቷል። ጸሐፊዋ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ትሄዳለች፤ ስለዚህ ምዕራፉ አናት ላይ ያለውን ዓመት ሳታዩ አትለፉ። የልጆቹ እናት ታሪክ ብቻውን አንድ ልቦለድ ይወጣዋል፤ በሀብታም ቤት ዝም እንድትል የተማረች ሴት ናት። መርማሪዋም ወጣት ሴት ናት፤ አለቆቿ ቡና እንድትቀዳላቸው እየጠበቁ እሷ ጉዳዩን ትፈታለች። ወፍራም ስለሆነ ለገና ወይም ለፋሲካ ዕረፍት አስቀምጡት።