ሰፌዱ ላይ ምን ይቀመጥ? ለወጣት ወላጆችና ለጀማሪ አስተማሪዎች

ውድ ልጆቼ፣

ባሕር ዳር ውስጥ ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ፣ ልጅ ዕቃ በእጁ እየነካ በሚማርበት በሞንቴሶሪ ዘዴ ቋንቋ የሚያለማምዱ ወጣት እናቶችና አባቶች በርክተዋል። ዕድሜዬን መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ላሳለፍኩ ሰው ይህ ትልቅ ደስታ ነው። ስታገኙኝ ግን አብዛኞቻችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ትንንሾቹን ዕቃዎች ከየት እንግዛ?» ሰፌድ ላይ ተደርድረው ልጁ ስማቸውንና የስማቸውን ድምፅ የሚማርባቸውን ማለታችሁ ነው። አንዳንዶቻችሁ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ አስቸግራችሁ፣ በስንት ብር የተገዛ ሳጥን አሳይታችሁኛል።

አትግዙ። ልቀሙ። ይህን የምለው ወጪው አሳስቦኝ ብቻ አይደለም። ያ ሳጥን የተሰናዳው ለእንግሊዝኛ ነው። ውስጡ ያለችው ድመት፣ ባርኔጣው፣ መጥበሻው፣ አልጋው የተመረጡት በእንግሊዝኛ በሦስት ፊደል ስለሚጻፉ ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ልጅ ያ ምርጫ ምንም አይፈይድለትም። ለእሱ የሚያስፈልገው ስሙን ከእናንተ አፍ ሲሰማው የኖረ፣ አያቱ ቤት ያየው፣ በእጁ የነካው ነገር ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ ደግሞ ከቤታችሁና ከጣና ሐይቅ ዳር አይርቅም።

የዘዴው ጀማሪ ዶክተር ማሪያ ሞንቴሶሪም ቢሆኑ በሱቅ ዕቃ አልጀመሩም። በ1907 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ ሳን ሎሬንዞ በሚባል የድሆች ሰፈር የመጀመሪያውን «የልጆች ቤት» ከፈቱ። ከዚያ በፊት ለሚያስተምሯቸው ልጆች ከእንጨት የተቀረጹ ቆንጆ ፊደሎች ነበሯቸው። ለአዲሱ ቤት እንደነዚያ አድርጎ የሚሠራላቸው ሲያጡ፣ ከብርጭቆ ወረቀት ፊደል ቆርጠው ለስላሳ ካርቶን ላይ ለጠፉ። ዛሬ በየአገሩ ልጆች በጣታቸው የሚከተሉት ሻካራ ፊደል የመጣው ከዚያ ችግር ነው። ብርጭቆ ወረቀት እኛም ጋ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጥ ሱቅ ሁሉ ይገኛል።

ወደ መልቀሙ ከመግባታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ላስጨንቃችሁ። ትንሽ ዕቃ ልጅ ያንቃል። የሶፍት ጥቅል ሲያልቅ የምትቀረውን የካርቶን ቱቦ አትጣሏት። በእሷ ውስጥ የሚያልፍ ዕቃ ሁሉ ሦስት ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም። ለትልቁም ቢሆን አጠገቡ ተቀምጣችሁ ነው። ታናሽ ካለው ሰፌዱ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ባቄላና ሽንብራ አፍንጫ ውስጥ ከገቡ እርጥበት ስበው ያብጣሉ፤ በቤት ወረንጦ አትታገሉ፣ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ክቧን የሰዓት ባትሪ ጨርሶ አታስጠጉ። ከተዋጠች በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮ ልታቃጥል ትችላለች። ማግኔትም እንዲሁ ነው፤ ሁለት ከተዋጡ አንጀትን መሐል አስገብተው ይሳሳባሉ። በየአጥሩ ጥግ የሚበቅለው ጉሎ ፍሬው ዥንጉርጉርና ውብ ነው፣ ልጅም ሆነ አዋቂ ይማርካል። መርዝ ነው። በምንም ምክንያት ሰፌድ ላይ አይውጣ።

አሁን ወደ ኩሽና ግቡ። ሲኒ፣ ማንኪያ፣ ጭልፋ፣ ክዳን፣ ወንፊት፣ የነጭ ሽንኩርት ፍንካች፣ የዝንጅብል ቁራጭ። ልብስ ሰፊ ዘንድ ሂዱና ቁርጥራጭ ጠይቁ፤ ጥለት፣ ክር፣ ዚፕ፣ ላስቲክ በነፃ ይሰጧችኋል። ገበያ ስትወጡ ሸክላ ከሚሸጡት እናቶች ዘንድ ለልጅ መጫወቻ የምትሆን ትንሽ ጀበና ፈልጉ። ማስቀመጫው ሙዳይ ቢሆን እመርጣለሁ። ክዳን አለው፣ ልጁ መክፈትና መክደን ይወዳል፣ ስሙም አንድ ተጨማሪ ቃል ነው።

ሐይቁ ዳር ስትወርዱ ደንገል ለምኑ። አንዲት ቁራጭ ትበቃለች። ግንዱን አግድም ስትቆርጡት ሦስት ማዕዘን ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ ውስጡ ነጭና እንደ ስፖንጅ የላላ ነው። ልጁ ጠርዙን በጣቱ ይዳስሰው። ከዚያ ታንኳ ወዳለበት ውሰዱትና በዚህ ደንገል የተሠራውን ትልቁን አሳዩት። ለእንግዳ የሚሸጠውን ትንሹን ታንኳ ሰፌድ ላይ የምታወጡት ከዚህ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ አይገለባበጥ፤ መጀመሪያ እውነተኛው ነገር፣ ቀጥሎ ትንሹ አምሳያ፣ ሥዕል መጨረሻ። ሥዕል ብቻ ያየ ልጅ ስሙን ሊሸመድድ ይችላል፣ ዕቃውን ግን አያውቀውም።

ቀንድ አውጣ ቅርፊት ለመልቀም ብላችሁ ልጁን ውኃ ውስጥ አታስገቡ። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ የሚባል ከውኃ የሚይዝ በሽታ አለ፤ የሚተላለፈውም በቀንድ አውጣ አማካይነት ነው። ደረቅ መሬት ላይ ያለውን ደረቅ ቅርፊት አዋቂ ያንሳ፣ ቤት ወስዶ ያፍላው። እምቦጭም ቢሆን ልጆች ሊያውቁት የሚገባ ስም ነው፣ ሐይቃችንን የያዘው አረም ነውና። ያበጠውን የቅጠሉን ዘንግ እዚያው ዳር ላይ አሳዩት። እርጥቡን ይዛችሁ ሌላ ውኃ አጠገብ እንዳትጥሉ።

ዕቃው ሲጠራቀም ሁሉንም ዘርግፎ ማሳየት ያምራችኋል። እንዲህ አታድርጉ። ለጀማሪ ሦስት ይበቃል፣ ሦስቱም በድምፅ የተራራቁ ይሁኑ። ማንኪያ፣ ቡና፣ ካልሲ ብትሉ ጥሩ ነው። አሰጣጡ ሦስት ደረጃ አለው፣ ሞንቴሶሪ ከፈረንሳዊው ሐኪም ከኤዱዋር ሴጋን የወሰዱት ነው። መጀመሪያ «ይህ ማንኪያ ነው» ትላላችሁ፣ ሌላ ወሬ ሳትጨምሩ። ቀጥሎ «ማንኪያውን ስጠኝ»፣ «ካልሲውን እናትህ እግር ስር አስቀምጥ» እያላችሁ ታጫውቱታላችሁ። እዚህ ላይ ብዙ ቆዩ፤ ቃሉ የሚገባው በእንቅስቃሴ ነው። በመጨረሻ «ይህ ምንድን ነው?» ትላላችሁ። ካልመለሰ አትውቀሱት፣ «አላልኩህም እንዴ?» አትበሉ። ሰፌዱን አንሡና ሌላ ቀን ከመጀመሪያው ጀምሩ። ብዙ ወላጅ በሦስተኛው ጥያቄ ይጀምራል። ያ ፈተና ነው፣ ትምህርት አይደለም።

ስሙን ካወቀ በኋላ የድምፁ ጨዋታ ይመጣል። አንድ ዕቃ ብቻ መዳፋችሁ ላይ አድርጉና «እጄ ላይ በ‹ቡ› የሚጀምር ነገር አያለሁ» በሉ። ሌላ ነገር ስለሌለ አይሳሳትም፣ ጨዋታውን ይረዳል። ቀጥሎ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት። እዚህ ላይ ፊደላችን በጣም ያግዘናል። የአማርኛ ፊደል ስሙና ድምፁ አንድ ነው። እንግሊዝኛ የሚያስተምሩት ስሙን ትተው ድምፁን ለማስያዝ የሚለፉትን ልፋት እናንተ አትለፉም።

አንዱን የፊደል ቤት ላሳያችሁ፤ የ«በ»ን፣ ከ«በ» እስከ «ቦ» ያሉትን ሰባቱን። ለ«በ» በግ ይሁን፣ ልጁ ራሱ ከጭቃ ቢሠራት ይመረጣል። በርበሬ አታድርጉ፤ በያዘበት እጁ ዓይኑን ያሻል። ለ«ቡ» ቡና። «ቢ» ላይ ብዙ ሰው ይቸገራል። ቢላ አይሆንም፤ ከወፍራም ካርቶን ቆርጣችሁ ቀለም የቀባችኋት ቢራቢሮ ትበቃለች። ለ«ባ» ባቄላ። ለ«ቤ» ቤት፣ ባዶ የክብሪት ቀፎ ላይ የወረቀት ጣሪያ ለጥፉ። ለ«ብ» የአንድ ብር ሳንቲም። ለ«ቦ» ዚፕ ያላት የሳንቲም ቦርሳ። ቦሎቄም ይሆናል፣ ግን ከባቄላው ጋር አንድ ላይ አይግባ። ልጁ ድምፁን ትቶ ፍሬዎቹን ሲያመሳስል ይውላል።

በዚሁ መንገድ የ«ከ»ንም ቤት መሙላት ትችላላችሁ፤ ከሰል፣ ኩባያ፣ ኪስ፣ ካልሲ፣ ኬሻ፣ ክር፣ ኮፍያ። ኪሱን ከአሮጌ ሱሪ ቁረጡት። ከሰሉን በፕላስቲክ ጠቅልሉት።

ለ«ሀ»፣ ለ«ሐ»ና ለ«ኀ» ሦስት ሰፌድ አታዘጋጁ። በጆሮ አይለዩም፤ የትኛው ቃል በየትኛው ይጻፋል የሚለው ማንበብ ከጀመረ በኋላ ይደርሳል። «ሀ» እና «አ» ደግሞ ግዕዛቸውና ራብዓቸው (አንደኛውና አራተኛው ፊደላቸው) አንድ ዓይነት ስለሚነበብ ለመጀመሪያ አይመቹም። እነሱን አቆዩአቸው።

ጆሮው ሲከፈት ተቀራራቢ ድምፆችን ጎን ለጎን አምጡ። አንድ ወገን ክር፣ ኩባያ፣ ካልሲ፤ ሌላ ወገን ቅል፣ ቁልፍ፣ ቀለበት። ቁልፍ ስትሉ የበሩን ይሁን የሸሚዙን ወስናችሁ አንዱን ብቻ አስገቡ። እንደዚሁ ታኮና ትሪ ከጠጠርና ከጣሳ ጋር። «ቀ»ን «ከ» የሚል፣ «ጠ»ን «ተ» የሚል የሦስት ዓመት ልጅ ብርቅ አይደለም። አታርሙት፣ አትሳቁበትም። ዕቃውን አንሥታችሁ ቃሉን በትክክል ጥሩት፣ ይበቃል።

እኔ ከሁሉ የምወደው የጥጥ ሰፌድ ነው። አንድ ጫፍ ላይ ፍሬው ያልወጣለት ጥጥ ይቀመጣል። ቀጥሎ የተዳመጠው። ቀጥሎ በደጋን ተነድፎ እንደ ደመና የቀለለው ባዘቶ። ከዚያ እንዝርትና የተፈተለው ልቃቂት። መጨረሻ ላይ የሸማ ቁራጭ ከነጥለቱ። ልጁ ከግራ ወደ ቀኝ እየነካ ይሄዳል። ጥጥ፣ ባዘቶ፣ ልቃቂት፣ ሸማ። ስሞቹ ብቻ አይደሉም፤ መዳመጥ፣ መንደፍ፣ መፍተል፣ መሸመን የሚሉት ግሶችም አብረው ይገባሉ። እናንተ ራሳችሁ ከእነዚህ ቃላት ግማሹን ላታውቁ ትችላላችሁ፣ ከተማ ነው ያደጋችሁት። አያት ካላችሁ ይህን ሰፌድ ከእሳቸው ጋር ሙሉት። ልጁ እንዝርት ሲሾር ቆሞ ይይ። የዘጌን ቡናም እንዲህ መደርደር ይቻላል፤ ደርቆ ጀንፈሉ ያልተላቀቀው፣ ጥሬው፣ የተቆላው።

ጽሑፍ ሲመጣ 231 ፊደል ቆርጦ መጨረስ ያስፈራል። ሁሉንም አትቁረጡ። ሰፌዱ ላይ ያሉትን ስሞች የሚጽፉትን ብቻ ከካርቶን አዘጋጁ። ለቡና ሁለት ፊደል፣ ለባቄላ ሦስት። ቢራቢሮ ሁለት «ቢ» ስለምትፈልግ ትርፍ ይኑራችሁ። ልጁ ዕቃውን ያስቀምጣል፣ ስሙን ቀስ ብሎ ይጠራል፣ ፊደሎቹን ከጎኑ ይደረድራል። እርሳስ የመያዝ ጥንካሬ ገና ባይኖረውም ይጽፋል ማለት ነው። «ብና» ብሎ ቢደረድር እዚያው አታፍርሱበት። በማግስቱ የ«ቡ»ንና የ«ብ»ን ዕቃ ብቻ አውጥታችሁ በጆሮው ተጫወቱ፤ ክፍተቱ ያለው እዚያ ነው። ማንበብ ሲጀምር ደግሞ ስሞቹን በቁራጭ ወረቀት ጻፉለት፣ አንብቦ ከዕቃው ስር ያኑር።

አንድ ቤተሰብ ሰላሳ ምናምን ቤት ብቻውን አይሞላም። ሰፈር ውስጥ አራት አምስት ሆናችሁ ተከፋፈሉት። አንዱ የ«መ»ን፣ አንዱ የ«ሰ»ን፣ አንዱ የ«ለ»ን ሙዳይ ያዘጋጅ፣ በየሁለት ሳምንቱ ተቀያየሩ። ክዳኑ ላይ በውስጡ ያሉትን ዕቃዎች ዝርዝር ለጥፉ፤ ሲመለስ ቆጥራችሁ ትረከባላችሁ። የጎደለ ካለ መጀመሪያ ታናሽ ልጅ ያለበትን ቤት ወለል ፈትሹ።