ዝገት ሸፍነሽ ሙያ አትጀምሪ

ውድ ጠያቂያችን፣

በሒሳብ አያያዝ ተመርቀሽ ከአንድ ዓመት በላይ ሥራ ብትፈልጊም አላገኘሽም። በዚህ መሀል አያትሽ ትተውት ያለፉትን ቮልስዋገን ቢትል መኪና ከመጠለያው አውጥተሽ መፋቅ ጀመርሽ፤ አጭር የብየዳ ሥልጠና ወሰድሽ፤ ሥራውም ልብሽን ገዛው። አሁን አራት ነገር ትጠይቂያለሽ። የአሮጌ መኪና ቦዲ ማደስ መተዳደሪያ ይሆነኛል ወይ? ለሴት አይከብድም ወይ? እናቴ «ያስተማርኩሽ ቱታ ለብሰሽ ቆርቆሮ እንድትቀጠቅጪ አይደለም» ስትለኝ ምን ልመልስ? ታላቅ ወንድሜስ «ቀዳዳውን በስቱኮ ድፈኚው፣ ቀለም ይቀባና ይሸጥ፣ በገንዘቡ መሣሪያ ትገዣለሽ» ሲለኝ ልስማው ወይ?

ከመጨረሻው እጀምራለሁ፤ የሌሎቹም መልስ ያለው እዚያው ውስጥ ነውና። አትስሚው።

ወንድምሽ ክፉ አስቦ እንዳልሆነ ይገባኛል። ቤቱ ገቢ ይፈልጋል፤ መኪናው ቆሟል፤ ገዢ ደግሞ መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን ነው። አንቺ የጠየቅሽኝ ግን ሙያ ስለ መያዝ ነው። ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት ብዙውን ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ላሜራ ቤት ውስጥ ነው፤ በረዳትነት ገብቼ አሠልጣኝ ሆኜ ወጣሁ። በእነዚያ ዓመታት ያንገበገበኝ ነገር ቢኖር ሰው «አምሮበታል» ብሎ የገዛው መኪና ቀለሙ ሲፋቅ ከሥሩ የሚወጣው ጉድ ነው፦ ጋዜጣ የተጠቀጠቀበት፣ የሽቦ ወንፊት የተለጠፈበት፣ በላዩ ላይ የጣት ውፍረት ያለው ስቱኮ የተለሰነበት የበር ሥር። ያንን የሠራው ሰው ሞኝ አልነበረም። የመጀመሪያ ሥራውን እንዲያ አድርጎ እንዲያስረክብ ተገፋ፤ ማንም አልጠየቀውም፤ በዚያው ለመደ።

የጻፍሽልኝን ቀዳዳ እንየው። በሁለቱም በሮች ሥር ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ እንዳለና በካቻቢቴ ስትነካኪው ዙሪያው እየተፈረፈረ እንደሚረግፍ ነግረሽኛል። በቢትል ላይ ይህ ቦታ ብዙ ሥራ አለበት። ሞተሩ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው፤ ተሳፋሪውን የሚያሞቀው አየር ከሞተሩ ወደ ፊት የሚመጣው በበሮቹ ሥር በሚያልፍ ባዶ ሣጥን መሰል ብረት ውስጥ ነው። ቦዲው ከወለሉ ጋር በቡሎን የሚታሰረውም በዚሁ ብረት ላይ ነው፤ የመኪናውን ጎን ቀጥ አድርጎ የሚይዘውም እሱ ነው። እርጥበት ውስጡ ስለሚታቆር ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። አንቺ ዛሬ የምታዪው ቀዳዳ ዝገቱ የውስጥ ሥራውን ጨርሶ የወጣበት ነው፤ ከጀርባው ያለው ጉዳት ከምታዪው በብዙ ይሰፋል።

ስቱኮ ከማድረቂያው ጋር ሲቀላቀል የሚጠጥር ፖሊስተር ነው፤ ሸክም አይችልም። የተለመደው ዓይነት እርጥበትም ይስባል። ከሥሩ የቀረ ዝገት መብላቱን ይቀጥላል፤ ውሎ አድሮ ቀለሙን አረፋ አስመስሎ ያነሣዋል። ምስጥ የበላውን ምሰሶ ኖራ መቀባት ማለት ነው። ግጭት ቢደርስ ደግሞ በዚያ በር በኩል የሚቀመጠው መኪናውን ከአንቺ የገዛው ሰው ልጅ ሊሆን ይችላል። ወንድምሽ በዚህ ሒሳብ ውስጥ ያላስገባው ይህንን ነው፤ በግልጽ ንገሪው።

ስቱኮ ራሱ ጠላቴ አይደለም። ብረቱ ተበይዶ፣ ተቀጥቅጦ፣ ሊስተካከል ጥቂት ሲቀረው፣ ከ3 ሚሊሜትር ባልበለጠ ውፍረት ይገባል፤ ከዚያም ላይ አብዛኛው በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ይወርዳል። ከዚያ በላይ ካስፈለገሽ ብረቱ አላለቀም ማለት ነው።

ትክክለኛው መንገድ ረጅም ነው። ለመቁረጥ አትቸኩዪ። በሮቹ እንደተገጠሙ፣ በበሩና በክፈፉ መካከል ያለውን ክፍተት ዙሪያውን ለክተሽ ጻፊ። ቀጥሎ የበሩን ክፈፍ ከፊት እስከ ኋላ በብረት ቱቦ በይደሽ ደግፊው። ከዚያም አንዱን ጎን ብቻ ቁረጪ፤ እሱ ሳያልቅ ሌላውን አትንኪ። ሁለቱን ጎን በአንድ ጊዜ ቆርጦ የጣለ ሰው ቦዲው ይሰምጥበታል፤ አዲሱን ብረት በይዶ ከጨረሰ በኋላ በሩ አልዘጋ ይለዋል።

የሠለጠንሽው በኤሌክትሮድ ብየዳ እንደሆነ ጽፈሻል። ለአጥርና ለመስኮት ብረት ጥሩ ነው፤ የመኪና ላሜራ ግን በአብዛኛው ከ1 ሚሊሜትር ስለማይበልጥ ኤሌክትሮዱ ይበሳዋል። ሚግ ብየዳ ያስፈልግሻል፤ ቀጭን ሽቦ ከማሽኑ እየወጣ በጋዝ ተከልሎ የሚበየድበት ነው፦ 0.6 ሚሊሜትር ሽቦ፣ አርጎንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተቀላቀለበት ጋዝ። እሱንም ብታገኚ መስመሩን በአንድ ጊዜ አትጎትቺው። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ሲቀዘቅዝ በብየዳው ዙሪያ ይኮማተራል፤ ሰፊው ላሜራ ይጨማደዳል። አንድ ነጥብ እዚህ፣ ሌላው ከዚያኛው ጫፍ፤ እጅ እስኪያስነካ ጠብቀሽ ሦስተኛውን መሀል ላይ። ነጥቦቹ ሲገናኙ መስመሩን ሞርጂ፤ ከጀርባው ወፍራም ብረት ደግፈሽ ከፊት በመዶሻ ቀስ እያልሽ ምቺው። የተኮማተረው መልሶ የሚዘረጋው እንዲህ ነው። የተስተካከለ ሲመስልሽ ስስ ጓንት አጥልቀሽ መዳፍሽን በሰያፍ አሳልፊበት፤ ዐይን ያለፈውን ጉብታ መዳፍ ያገኘዋል። ይህን ማወቅ የጀመረች እጅ ካለችሽ ሙያው ጀምሮሻል።

ሣጥኑን ከመዝጋትሽ በፊት የውስጥ ፊቱን ብየዳ የሚችል ዚንክ ያለው ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ቅብ) ቀቢ፤ ቀለሙ ሁሉ ካለቀ በኋላ በቀጭን ቱቦ ሰም ይረጭበታል። የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹን ክፍት ተዪአቸው።

እያንዳንዱን ደረጃ ፎቶ አንሺ፤ በተለይ ፕራይመር ያልነካውን ባዶ ብየዳ፣ ፊቱንም ጀርባውንም። ረዳት ስመርጥ በነበረበት ጊዜ የሚያብረቀርቅ መኪና ፎቶ ይዞ የመጣ ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር፤ የብየዳውን ጀርባ የሚያሳየኝን ግን አስቀምጬ አነጋግረው ነበር።

መተዳደሪያነቱን በተመለከተ፦ ሙያው ያኖርሻል፤ ይህ መኪና ግን አያኖርሽም። አንቺ የሒሳብ ሰው ነሽ፤ ከዛሬ ጀምሮ የሠራሽበትን ሰዓት መዝግቢና ለራስሽ ደመወዝ አስቢበት። በቤት የሚታደስ መኪና በአብዛኛው ሲሸጥ የላሜራውንና የቀለሙን ወጪ ቢመልስ እንኳ የሰዓቱን አይመልስም። ቢትል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1938 እስከ 2003 ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ለተማሪ ይህ በረከት ነው፤ የበር ሥሩም የወለሉም ላሜራ ዛሬም አዲስ ይሠራል። ለሻጭ ግን ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ወንድምሽ «በገንዘቡ መሣሪያ ትገዣለሽ» የሚለው ተስፋ ከወዲሁ ቀጭን ነው።

የምመክርሽ የላሜራና ቀለም ሥራ ያለው ጋራዥ ውስጥ በረዳትነት እንድትገቢ ነው፤ በሳምንት ጥቂት ቀን ቢሆንም። እዚያ የሚመጣው ትናንት የተጋጨ መኪና ነው፤ ክላሲክ መኪና በብዛት አትጠብቂ። ነገር ግን ፍጥነት፣ ቀለም ማመሳሰልና የቀን ዋጋ ያለው ሥራ የሚለመደው እዚያ ነው፤ የቤትሽ መኪና የማታ ትምህርትሽ ይሁን። ብቻሽን ግቢ ውስጥ ለዓመታት ብትሠሪ ስሕተትሽን የሚነግርሽ አይኖርም። ሒሳብ የምታውቅ ረዳት ደግሞ ለጋራዥ ባለቤት ትርፍ ናት፤ የአንድን ሥራ እውነተኛ ወጪ አስልቶ ለደንበኛ የሚያቀርብ ሰው ብዙ ቦታ ይጎድላል። ይህን ስታመለክቺ ጻፊው።

እናትሽን አከብራለሁ፤ ተሳስተዋል ግን። ዲግሪ ይዞ ቤት መቀመጥ ክብር፣ ቱታ ለብሶ መሥራት ውርደት የሚሆንበት ሚዛን እኔ ዘንድ የለም። ልጃቸው በእጇ የምትሠራው ሥራ ለሰው ሕይወት የሚያስጠይቅ መሆኑን ቢያዩ የሚያፍሩበት ምክንያት አይኖርም። ክርክር አያሳምናቸውም፤ አንደኛው ጎን ተበይዶ ሲያልቅ ጠርተሽ አሳዪአቸው፣ ምን እንደነበረና ምን እንደሆነ።

ለሴት ይከብዳል ወይ ላልሽው፦ ከባዱን ብረት ወንዱም በክሪክ ነው የሚያነሣው።

ሳትጠይቂኝ የምጨምረው አንድ ነገር አለ። ቀለሙን ግቢ ውስጥ ራስሽ ለመርጨት አስበሻል። ተዪው። የዛሬው ባለ ማድረቂያ የመኪና ቀለም አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለው፤ ሲረጭ ወደ ሳንባ ይገባል፣ አስም ያስይዛል። አንድ ጊዜ ሰውነት ከተቆጣው በኋላ ኢምንት መጠን እንኳ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ያኔ ከሙያው መውጣት ነው። የአቧራ ጭንብል አያስጥልም፤ ባለሙያዎች የሚጠቀሙት ከውጭ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያመጣ ጭንብል ነው። እስከ ፕራይመሩ ድረስ አዘጋጅተሽ የመጨረሻውን ቀለም የመርጫ ክፍል ላለው ጋራዥ ስጪ። የድሮው ቀለም ደግሞ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አትፈቂው፤ በውኃ እያረጠብሽ፣ ልጆች በሌሉበት።

በዚህ ሳምንት መበየጃ አትንኪ። የነዳጅ ጋኑን ከፊት ኮፈን ሥር አውጪውና ከግቢው አርቂው። ከዚያ የኋላውን መቀመጫ አንሺ፤ ባትሪው እዚያ ሥር ነው። ፈትተሽ አውጥተሽ፣ የተቀመጠበትን ወለል ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ እጠቢ፤ የፈሰሰ አሲድ ስላለ ከበር ሥሩ ቀጥሎ በብዛት የሚበላው ያ ቦታ ነው። ሲደርቅ በካቻቢቴ ጀርባ ዙሪያውን ቀስ ብለሽ አንኳኪ፤ ድምፁ የታፈነበትን ሁሉ በጠመኔ ክበቢና የወለሉን ፎቶ ላኪልኝ። ወለሉ መለወጥ ካለበት የሥራው ቅደም ተከተል ይቀየራል፤ የበር ሥሩን ላሜራ ከመግዛትሽ በፊት ማወቅ አለብን።